ልዋስሽ እመጣለሁ

የሐጂያ ከድጃን ሞት የሰማሁት ማክሰኝት ላይ፣ ከማኪናዬ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። የገበያ ቀን ስለነበር በግና አህያ በግራና በቀኜ ይተራመሳል፤ እኔ የላላ ብሎን አጠብቃለሁ። ስልኬ ጠራ። በዘይት በተጨማለቀ እጄ አነሳሁት። ልጃቸው ሰሚራ ነበረች። «እማ አለፈች» አለችኝ። ብሎኑን እንደላላ ትቼ ከሥር ወጣሁ።

የማውቀው ሰው ሲሞት አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ ነው የሚመጣብኝ። የእሳቸው ግን ጥያቄያቸው መጣብኝ፦ «ጎረቤት ምን ይዋስሽ ነበር?» እርዳታ የሚያመላልስ ሾፌር ብዙ ጥያቄ ይሰማል። ስንት ቤተሰብ ናችሁ፣ ስንት ከብት ሞተባችሁ፣ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ። ይህን የእሳቸውን ግን ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም። ዛሬም ድረስ ባዶ መንገድ ላይ ስነዳ አንዳንዴ ራሴን እጠይቀዋለሁ፦ አንተስ፣ ከአንተ ሰው ምን ይዋሳል?

ሐጂያ በጎንደር ከቆዩት የእስላም ነጋዴ ቤተሰቦች ናቸው። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ የቤት ዕቃ ሱቅ ነበራቸው፤ ድስት፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ማንቆርቆሪያ። አጭር፣ ፈጣን፣ ተጨቃጭቀው የማይደክሙ ሴት ነበሩ። ድስት ሳያንኳኩ አይገዙም፣ ሳያንኳኩም አይሸጡም። በጣታቸው አንጓ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው «ይሄ ደህና ነው» ወይም «ይሄ ይዋሻል» ይላሉ። ምን እንደሚሰሙ ብዙ ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ። «አንተ ሞተር ስትሰማ ምን ትሰማለህ?» ብለው መለሱልኝ እንጂ አልነገሩኝም።

ከሱቁ ሌላ የሰፈራቸው ዕድር የዕቃ ቤት ቁልፍ በእጃቸው ነበር። ዕድሩ የክርስቲያኑም የእስላሙም ነው፤ ድስቱ ግን ሁለት ወገን ነው። የክርስቲያን ሥጋ የተሠራበት ድስት ለእስላም አይሆንም፤ የእስላሙም ለክርስቲያን። ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ሐጂያ የክርስቲያኑን ድስት እጀታ በየዓመቱ በቀይ ቀለም ይቀቡታል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

የተዋወቅነው ክረምቱ ያለ ልክ በዘነበበት ዓመት ነው። ነሐሴ ላይ ከደባርቅ ወዲያ፣ ጓሳ አፋፍ በምትባል የደጋ መንደር፣ ተዳፋቱ ከነቤቱ ተንሸራተተ። ከላይ ናዳው፣ ከታች ጎርፉ። የዚያ አገር ሰው ስለዚያ ቀን ሲናገር «መሬቱ ሄደ» ነው የሚለው፤ ልክ ሰው መንገድ ሄደ እንደሚባለው። የተረፈው ሕዝብ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ በፕላስቲክ ድንኳን ሰፈረ። የምሠራበት ድርጅት አስተባባሪ ታደለ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚታደል ዕቃ ሊገዛ ሐጂያ ሱቅ ገባ፤ እኔም ልጭን ተከተልኩት።

«ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» አሉ።

«መሬት ለተንሸራተተባቸው ሰዎች ነው፣ ሐጂያ።»

«ለሁሉም አንድ ዓይነት?»

«አንድ ዓይነት። አለዚያ ጠብ ይነሳል።»

«ልክ ነህ» አሉና ድስቱን እያንኳኩ ትንሽ ቆዩ። «ግን ሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ዕቃ ካለው ማን የማንን ደጅ ይረግጣል? ሙሉ ቤት ጎረቤት የለውም፣ ልጄ።»

ታደለ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሱቁን ለሰሚራ ትተው፣ «ዕቃዬ የት እንደሚገባ አይቼ ልምጣ» ብለው ከጎኔ ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ ሎሚ አፍንጫቸው ላይ ይዘው፣ መዞሪያ በደረስን ቁጥር «ያ ረቢ፣ የዚህን ልጅ ዓይን ከመንገዱ አታንሳው» እያሉ ነው የሄድነው። ልጅ የሚሉኝ እኔን ነው፤ ጸጉሬ ከሸበተ ቆይቷል።

ሜዳው ላይ ስንደርስ እንደ ሌላው እንግዳ ሰዉን አላዩም፤ ሣሩን ነው ያዩት። «ና እየው» አሉኝ። ከየድንኳኑ አንዳንድ የእግር መንገድ ወጥቶ ሁሉም እርዳታ ወደሚታደልበት ቦታ ይሄዳል። ከድንኳን ወደ ድንኳን ግን ሣሩ እንደቆመ ነው። እኔ ከዚያ በፊት ደጋግሜ ተመላልሻለሁ፤ ሣሩ እንደሚነበብ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ድንኳን ለድንኳን እየዞሩ መጠየቅ ጀመሩ። «ጎረቤት ምን ይዋስሽ ነበር?» ሰዉ መጀመሪያ ግራ ይገባዋል፤ ከዚያ ፊቱ ይለወጣል። የጠፋበትን ሲጠየቅ አንገቱን የደፋ ሰው፣ የተዋሱትን ሲጠየቅ ቀና ይላል። አንዷ «ወንፊቴን!» አለች። «እንደኔ ወንፊት ያለ አልነበረም።» አንድ ሽማግሌ የእሳቸውን ወስፌ ያልተዋሰ እንደሌለ፣ ጆንያውም ኮርቻውም በእሷ ይሰፋ እንደነበር አወሩን። አንዷ ደግሞ አፍራ «እኔማ ስዋስ ነው የኖርሁ» አለች። ሐጂያ «እሱም ሥራ ነው!» አሉ። «አንቺ ባትዋሽ እነሱ በምን ይከበሩ ነበር?»

ታደለ ልቡ ተከፈለ። የእሱን ዕቃ ለሁሉም እኩል አደለ፤ የሐጂያን ጥያቄ ደግሞ አልከለከለም። ሐጂያም ዕድራቸውን አስተባብረው ወንፊቱን ለወንፊቷ ባለቤት፣ ወስፌውን ለባለ ወስፌው እያሉ በሚቀጥለው ጉዞ አመጡ። ሁሉም እንዳሰቡት ሆነ ብዬ ግን አልዋሽም። ታደለ የፈራው ጠብ በመጥረቢያ መጣ። ሁለት ሰዎች «አገሩ ሁሉ የሚዋሰው የኔን መጥረቢያ ነበር» ብለው ተያያዙ፤ ዱላ ሊነሳ ምንም አልቀረው። የመንደሩ ሽማግሌ አያ አለልኝ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቆሙና «የተዋሰ ይመስክር!» አሉ። የተዋሰው ሁሉ ሲመሰክር ለካ ሁለቱም ራሳቸው ተዋሾች ናቸው። መጥረቢያው የአንድ ሦስተኛ ሰው ነበር፤ እሱን ደግሞ መሬቱ ወስዶታል። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

የሟቹ ሚስት አንጓች ትባላለች። መጥረቢያውን ሐጂያ ራሳቸው ይዘውላት ሄዱ። ድንኳኗ ውስጥ ጥግ ይዛ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ባሏንም ቤቷንም በአንድ ቀን ያጣች ሴት ናት።

«መጥረቢያ ምን ይሠራልኛል?» አለች። «የሚፈልጥልኝ ሄደ።»

«አንቺንስ ጎረቤት ምን ይዋስሽ ነበር?» አሏት።

ውጭ የቆሙት ሴቶች መለሱላት። የመንደሩ የድግስ ብረት ድስት የእሷ ነበር። ሠርጉም፣ ክርስትናውም፣ ተዝካሩም ሁሉ የሚሠራው በእሷ ድስት ነው። ደጇ ሰው የማይጠፋበት ቤት ነበራት። አሁን ግን ከማንም አትነጋገርም፤ የባሏን የአርባ ቀን ተዝካር አውጥታ እህቷ ወዳለችበት ቆላ ልትወርድ ቆርጣለች። አያ አለልኝ ወደ ማኪናው ሲሸኙን «እሷ ከሄደች» አሉን «ሌላውም አይቆምም። አንድ ባንድ ይወርዳል። ጓሳ አፋፍ ያኔ ነው የምትሄድ።»

ስንመለስ ሐጂያ ሎሚያቸውን እንኳ አላሸተቱም። በሚቀጥለው ጉዞ በጆንያ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አስጫኑኝ። ከእናታቸው የወረሱት የድግስ ድስት ነበር፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ሲያንኳኩት እንደ ደወል የሚጮህ። ሰሚራ «እማ፣ ይሄን?» ስትል «ዝም በይ» አሏት። አንጓች ብድግ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «ሸጋ ድስት ነው።» ሐጂያ ሲመለሱ መንገዱን ሙሉ ዜማ ያንጎራጉሩ ነበር።

ቀጥለን ስንሄድ ድስቱ ከአንጓች ድንኳን ደጅ ተደፍቷል። በላዩ ድንጋይ ተጭኖበታል። ጥላሸቱ እንዳመጣነው ነው፤ እሳት አልነካውም። ተዝካሩ ደግሞ ደርሷል፤ ጎረቤት እህሉን አዋጥቷል፣ በግ ተገዝቷል።

ሐጂያን እንደዚያ ተጨንቀው አይቻቸው አላውቅም። ድስቱን ገለበጡ፤ አንኳኩ፤ ደህና ነው። ሰውን ጠየቁ፤ ሁሉም «ሸጋ ድስት ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ይላል። ታደለ «ሐዘኑ ነው፤ ምንም የመሥራት አቅም የላትም» አለ። እኔ «ጉልቻው አይችለው ይሆናል» አልኩ። «ሁለታችሁም አላወቃችሁትም» አሉን። «እሷ ድስቱን አልናቀችም፤ ከዝናብ ደፍታዋለች፣ ከነፋስ በድንጋይ ጠብቃዋለች። ታዲያ ምነው አትነካውም?»

ማኪናው ውስጥ ገብተው ተክዘው ሳለ አያ አለልኝ ወደ መስኮቱ መጡ። እንዴት ዋሉ፣ ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ ንግዱስ፣ ዝናቡስ ወደ እናንተ እንዴት ነው አሉ። ሰላምታው ሲያልቅ እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሐጂያ» አሉ፤ ዓይናቸው መሬት ላይ ነው። «ይች ድስት… ከእርስዎ ቤት ሳለች ዓረፋን አይታለች?»

ሐጂያ ግንባራቸውን በመዳፋቸው ጠፍ አደረጉት። «ወይኔ ከድጃ! ዕድሜ ልኬን ቀይ ቀለም ስቀባ ኖሬ!»

በየዓመቱ የዓረፋ ሥጋ የሚሠራበት ድስት ነው። የክርስቲያን ተዝካር እንዴት ይሠራበታል? የዕድሩን ድስት ሲለዩ የኖሩት ሴት የገዛ ቤታቸውን ድስት ሲያነሱ አልታያቸውም፤ እናታቸውን እንጂ ሃይማኖቱን አላዩበትም። እኔም በእጄ ጭኜው አልታየኝም። መንደሩ ሁሉ አውቆታል፤ ግን ስጦታ እንዴት ይመለሳል? ይሉኝታ የሁሉንም አፍ ይዞ፣ ድስቱም ደጅ ላይ ተደፍቶ ቀረ። ሐጂያ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አያ አለልኝ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ኋላ አብረው ሳቁ።

ከዚያ ሐጂያ ከማኪናው ወርደው ወደ አንጓች ሄዱ። ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወገባቸውን ይዘው ቆሙና እንዲህ አሉ፦

«አንጓች፣ ያዋስኩሽን ድስት ልወስድ ነው የመጣሁት። እቤት ቸግሮኛል።»

አንጓች ቀና አለች። «ያዋሱኝ?»

«አዎ። ስጦታ መስሎሽ ነበር እንዴ? እኔ የእናቴን ድስት እሰጣለሁ? ውሰት ነበር።»

አንጓች ትክ ብላ አየቻቸው። እሷም ታውቃለች፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ዙሪያውን የቆምነውም እናውቃለን። ከዚያ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። መሬቱ ከሄደ ወዲህ ስትስቅ መጀመሪያ ያዩት ያን ጊዜ ነው አሉኝ።

«ሐጂያ፣ ልመልሰው እያልሁ አፈርሁ» አለች። «እንቅልፍ ነሳኝ እኮ!»

«እኔንም ነስቶኛል! ምነው ብትነግሪኝ?»

«ቢያዝኑብኝስ ብዬ።»

ተቀምጠው ብዙ አወሩ። ታደለ ሰዓቱን ቢያይም አልጠራቸውም። ስለ ድስት ነበር ወሬያቸው፤ የትኛው ቶሎ ይግላል፣ የትኛው ያሳርራል። ባለቤቷ እንጨት ሲፈልጥ ያፏጭ እንደነበርም አንጓች የነገረቻቸው ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ ገና በጠዋቱ ሐጂያ ከሱቃቸው አዲስ የድግስ ድስት ይዘው ጠበቁኝ። እጀታውን ቀይ ቀብተውታል። ቀለሙ ሳይደርቅ ስለጫንነው የማኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ዛሬም ቀይ እድፍ አለ። ሊያስለቅቁት የሞከሩ ነበሩ፤ እኔ ከለከልኩ።

«እሳት አላየም» አሏት ሲያስረክቧት። «ይሄ ያንቺ ነው። ግን አንድ ቀን ልዋስሽ እመጣለሁ።»

«እርስዎ? ሱቅ ሙሉ ድስት ይዘው?»

«ልዋስሽ እመጣለሁ ብያለሁ።»

ተዝካሩ ወጣ። አንጓች ግን ቆላ አልወረደችም። ምክንያቱን ስነግራችሁ ዛሬም ያስቀኛል። በነጋታው ሌላዋ ሐዘንተኛ ለራሷ ተዝካር ድስቱን ተዋሰች። አንጓች እስኪመለስላት ጠበቀች። እሱ ሲመለስ ሌላዋ ወሰደችው፤ ከዚያ ሠርግ መጣ፤ ከዚያ ክርስትና። በሄድኩ ቁጥር «ቆላስ?» እላታለሁ። «ድስቴ ሰው ቤት ናት፤ ሳትመለስ እንዴት ልሂድ?» ትለኛለች። እንዲህ እንዲህ ስትል ከሜዳው በላይ ደህና መሬት ላይ ቆርቆሮ ቤቶች ተሠሩ፤ አንዱ የእሷ ሆነ። ያ መጥረቢያም በበሯ አጠገብ አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ ሰው ጋ ነው።

ሐጂያ ግን ከዚያ በኋላ ልባቸውን አመማቸውና መንገድ ተከለከሉ። ከጓሳ አፋፍ ስመለስ ሱቁ ፊት አቆማለሁ። ሰዎቹ እንዴት ናቸው ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም። «ሣሩስ?» ነበር የሚሉት። «ተረግጧል፣ ሐጂያ» እላለሁ። «ከየት ወዴት?» ይላሉ። ከማን ደጅ ወደ ማን ደጅ እንደሆነ አንድ ባንድ እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። በኋላ በኋላ እኔው ራሴ ሣር ለማየት ስል ማኪናዬን ከሩቅ እያቆምኩ በእግሬ መግባት ጀምሬ ነበር። መቼ ሊዋሱ እንደሚሄዱ ስጠይቃቸው «ገና አልቸገረኝም» ይሉኛል።

ከማክሰኝት በርሬ ስደርስ ቀብሩ አልቆ ነበር። በጣም አዘንኩ። ለአያ አለልኝ ደወልኩላቸው፤ እሳቸውም ብዙ ሳይናገሩ ስልኩን ዘጉት።

በማግስቱ ለቅሶው ድንኳን ሙሉ ነበር፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ሰሚራን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆማ አገኘኋት። ቁልፉ አሁን በእሷ እጅ ነው። ከትናንት ጀምራ እንባ ሳታፈስ እንግዳ ስትቀበል ውላለች። ቀይ እጀታ ያላቸው ድስቶች የሚሰቀሉበት ግድግዳ ባዶ ነው፤ እታች ሰፈር ሌላ ለቅሶ ስላለ ሁሉም እዚያ ሄደዋል። «የክርስቲያኑን እንግዳ በምን ሠርቼ ላብላ?» አለችኝ። «የእማ ለቅሶ ላይ ድስት ይጥፋ?» ልለምን ወደ ጎረቤት ልሄድ ስነሳ ባጃጅ ደጁ ላይ ቆመ።

አያ አለልኝ ቀድመው ወረዱ። ከኋላቸው አንጓች፣ በነጠላ የተጠቀለለ ትልቅ ነገር አቅፋ። ገና ሳይነጋ ተነስተው በአውቶቡስ ነው የመጡት። መሬት አስቀመጠችውና በአገሯ ወግ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ ድንኳኑ ሁሉ አብሯት አለቀሰ። ከዚያ ፊቷን ጠረገች፤ ነጠላውን ፈታች። ቀዩ እጀታ ከእሳት ብዛት ጠቁሯል፤ ከሥር ከሥሩ ግን ቀለሙ ይታያል።

«እናትሽ ልዋስሽ እመጣለሁ ብለውኝ ነበር» አለቻት ሰሚራን። «ስጠብቅ፣ ስጠብቅ ቀሩ። ይዤላቸው መጣሁ።»

ሰሚራ ድስቱን በሁለት እጇ ተቀበለች። የያዘችው እንባ ያን ጊዜ መጣ። አንጓች እስኪወጣላት ጠበቀቻት፤ ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ጉልቻው የት እንደሆነ ጠየቀች።

ማታ ላይ፣ ሰዉ በልቶ ሲነሳ፣ ሰሚራ ከአንጓች አጠገብ ቁጭ አለች።

«መቼ ልመልስልሽ?»

«አትቸኩይ» አለች አንጓች። «እንዳትቀሪ እንጂ።»